ጎጃም «እምቢ» ሲል ፓርላማው የት ነበር?

እንዴት ሰነበታችሁ። ይኼ ጽሑፍ እዚህ ደብረ ማርቆስ አንድ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብለን የተነጋገርነው ነው፣ ያልመጡ ሰዎች «እባክህ ጻፈውና እናንብበው» ሲሉኝ ከማስታወሻዬም ከትዝታዬም ለቃቅሜ አስቀመጥኩት። አወራሬን ብዙ አልነካሁትም፣ ረዘም ያለባችሁ ቦታ ካለ ታገሱኝ። ለብዙ ዓመት ሥነ ዜጋ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ያኔ ክፍል ውስጥ «ፓርላሜንታዊ ሥርዓት ምንድነው?» ስላቸው ልጆቹ ከደብተር ላይ ፍርጥ አድርገው ያነቡልኛል፣ ፈተናውንም ይሠሩታል፣ ቤት ሄዳችሁ ለአባታችሁ አስረዱ ቢባሉ ግን የሚችል የለም። ይኼ ነገር እስከዛሬ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ግብር የሚከፍለውም፣ ማዳበሪያ የሚጠብቀውም፣ ልጁ ለውትድርና የሚሄድበትም አባትየው ነው እንጂ ፈተና የሚፈተነው ልጅ አይደለም።

በጥያቄ ነው የጀመርኩት። «ጠቅላይ ሚኒስትር መርጬ አውቃለሁ የሚል እጁን ያውጣ» አልኩ። ከአዳራሹ ከግማሽ በላይ እጅ ወጣ። «እሺ፣ ከኛ ምርጫ ክልል ተመርጦ አሁን ፓርላማ የተቀመጠውን ሰው በስም የሚያውቅ?» አልኩ። ስድስት እጅ። ከስድስቱም ሁለቱ የተሳሳተ ስም ነበር የነገሩኝ።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እኮ! እኛ አገር ጠቅላይ ሚኒስትር መርጦ የሚያውቅ መራጭ የለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 45 ላይ ሥርዓቱ ፓርላሜንታዊ ነው ይላል፣ አንቀጽ 73 ላይ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል ይላል። ማለትም እኛ ወረቀቱ ላይ ምልክት የምናደርገው ለአካባቢያችን ሰው ነው፣ እሱ ሄዶ ነው እዛ ቤት ውስጥ «መንግሥት ይሁን» ወይም «አይሁን» የሚለው። ኬንያ ብትሄዱ፣ ናይጄሪያ ብትሄዱ ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን ለብቻ፣ የምክር ቤት ተወካዩን ለብቻ ይመርጣል። እኛ ጋ አንድ ወረቀት ሁለቱንም ሥራ ይሠራል፣ ተወካይም ያመጣል፣ መንግሥትም ያቆማል። ፓርላማው 547 ወንበር አለው፣ የአማራ ክልል ድርሻ 138 ነው፣ 274 የሞላለት ፓርቲ ወይም ተጣምረው 274 የሞሉ ፓርቲዎች መንግሥት ይመሠርታሉ። ስለዚህ ያንን ሰውዬ አለማወቅ ማለት ከመንግሥት ጋር የሚያገናኘንን ብቸኛ ድልድይ አለማወቅ ማለት ነው።

ይኼን ያህል ስል ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ አባት «ብናውቀውስ ምን ያደርግልናል ልጄ» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱን ለመስጠት ግን ወደኋላ፣ ጎጃም በግብር ምክንያት ወደተነሳበት ወደ 1960 መሄድ አለብን፣ ወደ ራሳችን ታሪክ።

ልጆች ሆነን አያቴ ስለ 1960 ሲያወሩ የምንሰማው ስለ ሽፍታው፣ ስለ ጥይቱ፣ ማን ጀግና እንደነበረና ማን እንደሸሸ ነበር። የብቸና በኩል ሰው ነበሩ። ካደግሁና ካነበብኩ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ያኔ እኮ አዲስ አበባ ላይ ፓርላማ ነበር! ከ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ጀምሮ ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎችን ይመርጥ ነበር፣ ለ200,000 ሕዝብ ሁለት እንደራሴ ተብሎ። ከጎጃምም የተመረጡ ሰዎች እዛ ነበሩ። ታዲያ ኅዳር 1960 የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ፣ አሥራቱ ቀርቶ በምትኩ ገበሬው በምርቱ ገቢ ልክ እየተገመተ ይክፈል ተባለ። ወረቀቱ ላይ ስታዩት የሚከፋ ሕግ አይመስልም፣ እንዲያውም ትልቁ ባለመሬት የበለጠ ይክፈል የሚል ነው። ጎጃም ላይ ግን ሞጣ ተነሳ፣ ብቸና ተነሳ፣ ዳሞት ተነሳ።

ለምን ተነሳ? እዚህ አገር መሬቱ ርስት ነበር፣ በአቅኚ አባት ስም የሚወረስ፣ ዛሬ እኔ የማርሰው ነገ የአጎቴ ልጅ «ድርሻዬን» ብሎ ሊካፈለኝ የሚችል። ገማች መጥቶ «ይኼ የእገሌ፣ ይኼን ያህል ምርት» ብሎ ስም ሲጽፍ ሰው የገባው ግብር አይደለም፣ ቀላድ ነው። ቀላድ መጣል ማለት መሬት መለካት፣ መሬት መለካት ማለት ርስት መንቀል። በዛ ላይ በ1930ዎቹም በ1942ም ግብርና መለካት እየተባለ ግጭት ተነስቶ ነበርና ጥርጣሬው ከሰማይ የወረደ አልነበረም። የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደርም ሰዉን ያስመረረ ነበር። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። መጨረሻው ምን ሆነ? አስተዳዳሪው ተነሱ፣ ውዝፉ ግብር ተሰረዘ፣ ያ አዋጅ በጎጃም ሳይሠራ ቀረ።

እስኪ እዚህ ላይ ቆም በሉ። በመጨረሻ መንግሥት ያደረገው ነገር፣ ሹም ማንሳትና ግብር መተው፣ ሁለቱም ፓርላማ ውስጥ በእጅ ማውጣት ሊደረግ የሚችል ነገር ነው። አንድ ጥይት ሳይተኮስ። ታዲያ ለምን በደም ሆነ? የጎጃም እንደራሴዎች ክፉዎች ስለነበሩ አይደለም፣ እዛ ቤት ተቀምጠው የሚያደርጉት ነገር ስላልነበራቸው ነው። ፓርቲ የለም። እያንዳንዱ እንደራሴ ለብቻው የቆመ ሰው ነው፣ ለዛውም ለመመረጥ ራሱ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙት ንጉሡ ናቸው፣ የሚሽሩትም ንጉሡ። ከላዩ ላይ ደግሞ የሕግ መወሰኛ የሚባል፣ በሹመት የሚገባበት ሌላ ምክር ቤት አለ። የብቸናው እንደራሴ ተነስቶ «ይኼ ሕግ አገሬ ላይ እሳት ያስነሳል» ቢል እንኳ ከጎኑ የሚቆም የተደራጀ ቡድን የለም፣ መንግሥት «ድምፅ እንዳላጣ» ብሎ የሚፈራው ነገር የለም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይሉ የነበሩት ለዚህ ነው፣ መክሰሻው መንገድ አልነበረማ!

ፓርላሜንታዊ ዴሞክራሲ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረን ብትሉኝ ንጉሡ የሚከሰስበት ቤት ማለት ነው እላችኋለሁ። እምቢታው እዛ ቤት ውስጥ በሰው አፍ፣ በእጅ ቆጠራ የሚባልበት። እዛ ካልተባለ ይጠፋል ማለት ግን አይደለም፣ ሜዳ ላይ ይወጣል፣ ሜዳ ላይ ሲወጣ ደግሞ ዋጋው ስንት እንደሆነ ለጎጃም ሰው እኔ አልነግረውም። መንገድ ሲዘጋ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲቀሩ፣ የታመመ ሰው ሆስፒታል ሳይደርስ ሲቀር ያያችሁት ናችሁ። ስለ ማን ጥፋት ልናገር አልመጣሁም፣ እኔ የመጣሁት ስለዚያ ቤት ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ፓርቲ። እኛ ጋ ፓርቲ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ባንዲራ፣ ቲሸርት፣ የመኪና ላይ ማይክ ነው። ፓርላማ ውስጥ ግን ፓርቲ ማለት አብረው የሚያወጡ እጆች ማለት ነው፣ በቃ። አንድ ሰው 547 ሰው መሃል ምንም ነው፣ 60 ሰው ሆኖ አንድ ላይ የሚቆም ግን ሚኒስትር ያስጨንቃል። ለዚህ ነው በየአገሩ አባላቱን የሚያስተባብር፣ «ዛሬ ድምፅ አለ፣ እንዳትቀሩ» የሚል ሰው ያለው፣ እኛ ጋም የመንግሥት ዋና ተጠሪ የሚባለው ሥራው ይኼው ነው። የፓርቲ ዲሲፕሊን ይሉታል። ያለሱ መንግሥት ሰኞ ቆሞ ማክሰኞ ይወድቃል።

ግን ደግሞ አንቀጽ 54 አለ። የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ነው ይላል። ፓርቲ የሚል ቃል የለበትም! እኔ ይኼን አንቀጽ ሳስተምር ሁሌ ድምፄ ይለወጥ ነበር፣ ምክንያቱም በዓመታት ውስጥ በቴሌቪዥን ያየነው በአብዛኛው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ነው፣ አልፎ አልፎ ደግሞ «በአንድ ተቃውሞና በሦስት ድምፀ ተአቅቦ»። ከየአገሩ የመጡ ያን ያህል ሰዎች፣ አንዱ ከቆላ አንዱ ከደጋ፣ አንዱ አርብቶ አደር አንዱ የከተማ፣ በየአዋጁ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ኅሊና ሊኖራቸው አይችልም። እንግሊዝ አገር እኮ የገዢው ፓርቲ አባላት በገዛ መንግሥታቸው ላይ ድምፅ የሚሰጡበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ፓርቲውም አይፈርስም። ዲሲፕሊን የሚያስፈልገው መንግሥት እንዲቆም ነው፣ አባሉ የተላከበትን እንዲረሳ አይደለም።

አሁን አንድ ቁጥር ልስጣችሁ፣ ይቺን ጻፏት ብዬ ነው አዳራሹን የለመንኩት። 183። አንቀጽ 55 ላይ ከምክር ቤቱ አባላት አንድ ሦስተኛው ከጠየቀ ለሥራ አስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ ፓርላማው መወያየት አለበት፣ እርምጃም መውሰድ ይችላል ይላል። የ547 አንድ ሦስተኛ 183 ነው። ማለትም ተቃዋሚ መንግሥት ለመሆን 274 ያስፈልገዋል፣ መንግሥትን «ና ቁጭ በል እናውራ» ለማለት ግን 183 ይበቃዋል። ሰዉ ምርጫን የሚያስበው ወይ ቤተ መንግሥት ወይ ባዶ እጅ አድርጎ ነው፣ መሃሉ ላይ ያለውን ይኼን ትልቅ ቦታ ማንም አያወራውም።

የ1997ቱን አስታውሱ። ያ ምርጫ እዚህ ከተማ እንዴት እንደነበር ለደረሰበት ሰው መንገር አያስፈልግም፣ ወጣቶቹ ግን ያኔ ሕፃን ነበራችሁ። በይፋ በተገለጸው ውጤት ተቃዋሚዎቹ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ ኦፌዴን 11 ወንበር አገኙ፣ ገዢው ኢሕአዴግ 327። የሦስቱን ደምሩት፣ 172። ለ183 የጎደለው 11 ብቻ ነው! ውጤቱ ተጭበርብሯል የሚለው ክርክር ነበር፣ ሰው ሞተ፣ መሪዎች ታሰሩ፣ የቅንጅት ሰዎችም «ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ» በሚለው ለሁለት ተሰነጠቁ። በዚያው ሰሞን ሊሰናበት የነበረው ፓርላማ በደንቡ ላይ አጀንዳ ለማስያዝ 20 አባላት ይበቁ የነበረውን ከግማሽ በላይ ያስፈልጋል ብሎ ቀየረው። ይኼ ለብዙ ሰው ትንሽ የአሠራር ነገር ነበር የመሰለው፣ ለኔ ግን እስከዛሬ የሚያመኝ እሱ ነው። በሩ ተከፍቶ ተቃዋሚ ይግባ ተባለ፣ አፍ ግን ተለጎመ። በ2002 ተቃዋሚው አንድ ወንበር አገኘ፣ አንድ የግል ተወዳዳሪም ነበረ፣ በ2007 ጭራሽ 547ቱም ወንበር የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ፣ አንድ እንኳ ሌላ ሰው የለም። ከዛ ምን መጣ? በዓመቱ ኦሮሚያም አማራም ጎዳና ላይ ወጣ። ነሐሴ 2008 ባሕር ዳር ላይ የሆነውን አልደግመውም፣ የሞቱት ልጆች ወላጆች እዚህ አዳራሽ ሊኖሩ ይችላሉ። መቶ በመቶ የያዝከው ፓርላማ ከሕዝቡ ቅሬታ ውስጥ አንድ ከመቶውን እንኳ ሊነግርህ አይችልም፣ ምክንያቱም የሚነግርህን ሰው አላስገባኸውም።

በ2013 ሰኔ 14 በተደረገው ምርጫ በመጀመሪያው ዙር ውጤት ብልፅግና 410፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ተወዳዳሪዎች 4 ወንበር አገኙ። ከዜሮው ይሻላል፣ 183 ግን በጣም ሩቅ ነው።

አንድ ወጣት እዚህ ጋ ተነሳና «ጋሼ፣ ታዲያ ሕዝቡ ገዢውን ፓርቲ ከመረጠ ምን ይደረግ? ዴሞክራሲ አይደል?» አለኝ። ጥሩ አለ። መልሴ ረዘም ስለሚል ነው ሌሴቶን ያነሳሁት።

ሌሴቶ በደቡብ አፍሪካ መሃል የተቀመጠች ትንሽ የተራራ አገር ናት፣ በጋቢ ፋንታ ብርድ ልብስ የሚለብሱ ገበሬዎች ያሉባት፣ ፎቶዋን ብታዩ ጮቄ ተራራ ሊመስላችሁ ይችላል። ንጉሥ አላቸው፣ ሥልጣን ያለው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፣ ፓርላሜንታዊ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ምርጫ አደረጉ። ያኔ የነበራቸው ሥርዓት እንደኛ ነው፣ በየምርጫ ክልሉ ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ያልፋል፣ የቀረው ድምፅ ይወድቃል። ገዢው ፓርቲ ከጠቅላላው ድምፅ 60 ከመቶ ገደማ አገኘ፣ ከ80 ወንበር ግን 79ኙን ወሰደ። ሩብ የሚጠጋ ድምፅ ያገኘው ተቃዋሚ አንድ ወንበር። አንድ! ሕዝቡ ተጭበረበርን ብሎ ወጣ፣ ዋና ከተማዋ ማሴሩ ተቃጠለች፣ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ወታደር ገባ፣ ሰው አለቀ።

እንዴት 60 ከመቶ ድምፅ 79 ወንበር ይሆናል? ማጭበርበር ባይኖር እንኳ ይሆናል! እስኪ እዚሁ እናስላው። አንድ ምርጫ ክልል ላይ 100 ሰው መረጠ እንበል፣ ሀ 40 አገኘ፣ ለ 35፣ ሐ 25። ያለፈው ሀ ነው። 60 ሰው ሀን አልመረጠም፣ ግን ተወካዩ ሀ ነው። ጎረቤት ምርጫ ክልልም እንደዚሁ፣ ቀጣዩም እንደዚሁ። መጨረሻ ላይ ሀ በ40 ከመቶ ድምፅ መቶ በመቶ ወንበር ሊወስድ ይችላል፣ ማንም ሳይሰርቅ። እንግሊዝ በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኪፕ የሚባለው ፓርቲ 3.9 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ አግኝቶ 1 ወንበር ነው ያገኘው፣ የስኮትላንዱ ብሔርተኛ ፓርቲ ደግሞ 1.4 ሚሊዮን ገደማ አግኝቶ 56፣ ምክንያቱም የስኮትላንዱ ድምፅ አንድ አካባቢ ተከማችቷል፣ የዩኪፕ በየቦታው ተበትኗል። ለኛ ተቃዋሚዎች ይኼ ትልቅ ትምህርት ነው። ሦስት ተቃዋሚ አንድ ወረዳ ላይ ሦስት እጩ ካቀረበ ገዢውን ፓርቲ ራሱ እየመረጠው ነው ማለት ነው። ፎከራው ሌላ ሒሳቡ ሌላ።

ሌሴቶዎች ግን ከእሳቱ በኋላ ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። 80ውን የምርጫ ክልል እንዳለ ተዉትና 40 ወንበር ጨመሩበት፣ የጨመሩትን 40 በየፓርቲው ጠቅላላ ድምፅ ልክ የጎደለውን እየሞሉ የሚያካፍሉት አደረጉ። በ2002 እ.ኤ.አ. ያው በ1998ቱ አንድ ወንበር አግኝቶ የነበረው ተቃዋሚ 22 ከመቶ ገደማ ድምፅ አገኘ፣ እንዲያውም ከበፊቱ ትንሽ ቀንሶ፣ ወንበሩ ግን 21 ሆነ። ከተማ አልተቃጠለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርቲ አብላጫ ወንበር ሳይሞላለት ቀርቶ ተቃዋሚዎች ተጣምረው መንግሥት ሆኑ። ከዛ በኋላም ችግር ነበረባቸው፣ መንግሥት ቶሎ ቶሎ ይወድቃል፣ ገነት ነው እያልኩ አይደለም። ግን የተሸናፊው ድምፅ ቤት ውስጥ ወንበር አገኘ፣ ወንበር ያገኘ ሰው ድንጋይ አያነሳም።

የኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የአብላጫ ድምፁን ሥርዓት በስም ጠቅሶ አስቀምጦታል፣ ስለዚህ ይቀየር ከተባለ ሕገ መንግሥት ማሻሻል ነው። ከባድ ነው። እኔ በግሌ የሌሴቶ ዓይነቱ ቅይጥ ለኛ ይሻላል ባይ ነኝ፣ የወረዳዬን ሰውም አላጣም፣ የተበተነውም ድምፅ አይፈስም። የማይስማማ ይኖራል፣ አዳራሹ ውስጥም አንድ መምህር «ለተጨመሩት ወንበሮች ፓርቲው በስም ዝርዝር የሚያስገባው ሰው ለማን ነው የሚጠየቀው?» ብሎ ጥሩ አድርጎ ሞግቶኛል። እውነት አለው፣ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው የፓርቲው አለቃ ከሆነ ኅሊና የሚባለው ነገር የባሰ ይጠፋል።

ስለ ጥምር መንግሥትና ስለ መተማመኛ ድምፅ ብዙ አላልኩም፣ በእድር ነው ያስረዳሁት። የእድር ዳኛ ተመርጦ ገንዘቡን በትክክል ካልያዘ አባላቱ ተሰብስበው «አውርደንሃል» ይሉታል አይደል? ሦስት ዓመትህ እስኪሞላ እንጠብቅ የሚል የለም። መተማመኛ ድምፅ ይኼው ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ካላሃን 311 ለ310 ተሸንፎ ወደቀ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የሕንዱ ቫጅፓዪ 270 ለ269፣ በአንድ ድምፅ! ሕንድ የኛን ብዙ እጥፍ ሕዝብ ያላት አገር ናት፣ በአንዲት ድምፅ መንግሥት ወርዶ ታንክ አልወጣም፣ ምርጫ ተጠራ፣ ሰውዬውም ተወዳድረው ተመልሰው መጡ። ጀርመኖች ደግሞ በፊት መንግሥት ቶሎ ቶሎ እየፈረሰ ሂትለር ድረስ ያደረሳቸውን አይተው ሌላ ብልሃት አበጁ፣ አንዱን ቻንስለር፣ ጠቅላይ ሚኒስትራቸውን ማለት ነው፣ ለማውረድ የሚተካውን በዛው ድምፅ መምረጥ ግድ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. ሽሚት ወርደው ኮል የገቡት እንደዚህ ነው። የጎመን ምንቸት ውጣ የሚለው ሰው የገንፎውን ምንቸት በእጁ ይዞ ይምጣ ነው ነገሩ። እኛ ጋ ተቃዋሚ ሲባል ማውረዱን ብቻ የሚያስብ ስለሚበዛ ይኼን የጀርመኖቹን ነገር እወደዋለሁ።

ስለ ፓርቲዎቻችን ደግሞ ልቤን ልናገር። በአዋጅ 1162/2011 መሠረት አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት 10,000 መሥራች አባል ፊርማ ያስፈልጋል፣ ለክልላዊ 4,000። ሰዉ ይፈርማል፣ ጎጃም ውስጥም ፈርመናል። ከዛ በኋላ ግን ያ የፈረመው ሰው ምን ይሆናል? መዋጮ የሚጠይቀው የለ፣ ስብሰባ የሚጠራው የለ፣ የወረዳ እጩ ማን ይሁን ብሎ የሚያማክረው የለ። ምርጫው ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው የተዘጋው ቢሮ አቧራው ተራግፎ ይከፈታል፣ እጩ የሚሆነውም ከአዲስ አበባ በስልክ የተነገረው ሰው ነው። ገዢውም ተቃዋሚውም በዚህ ይመሳሰላሉ፣ ልዩነቱ ገዢው የቀበሌ ቢሮ ያለው መሆኑ ነው። አንድ እድር እንኳ በወር በወር ይሰበሰባል፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ያሳያል። አገር እመራለሁ የሚል ድርጅት ከእድር ሲያንስ በጣም ያሳዝነኛል። ሴቶችን ደግሞ ተዉት፣ ወረፋው ላይ ሌሊት መጥተው የሚሰለፉት እነሱ ናቸው፣ የእጩ ዝርዝሩ ላይ ስትፈልጓቸው ግን ከወንዶቹ በጣም ያነሱ ናቸው።

ጥያቄ ሲከፈት ብዙ ሰው የጠየቀው ስለ ማዳበሪያ ነበር። አንዲት እናት፣ ከማቻከል በኩል የመጡ፣ «ማዳበሪያ ሳይመጣ ሰኔ ሲያልፍ ማንን ነው የምንጠይቀው? ቀበሌው ወረዳን ይላል፣ ወረዳው ዞንን ይላል፣ ዞኑ ክልልን» አሉ። አልኳቸው፣ እማማ፣ ማዳበሪያው ከውጭ የሚገዛው በፌዴራል ደረጃ ነው፣ ዶላሩም የፌዴራል ነው፣ ስለዚህ የእርስዎ ሰው ፓርላማ ነው ያለው። እሱ የግብርና ሚኒስትሩን አቁሞ የመጠየቅ ሥልጣን አለው፣ ቋሚ ኮሚቴ የሚባል አለ፣ ሚኒስትሩ እዛ እየቀረበ ሪፖርት ያቀርባል። ፓርላማው በክረምት ለእረፍት ሲዘጋ ደግሞ አባላቱ ወደ መረጣቸው ሕዝብ ወርደው እንዲያነጋግሩ ይጠበቃል። መጥቶ ያውቃል ወይ? «አላየሁትም» አሉ። ሌሎችም አላየንም አሉ። መቼና የት መምጣት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ አለመምጣቱንም የሚቆጥርበት የለም። ማኅበር ጠጪ ሳይመጣ ቢቀር «ለምን ቀረ?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ተረኛ ሆኖ ካልደገሰማ ጉድ ይፈላል።

ከዛ በኋላ ነው ስለ ምርጫ ጣቢያው ያወራሁት፣ ሰዓት ሞልቶ ስለነበር ቶሎ ቶሎ ነው ያልኩት። አንድ ጊዜ በአንድ የገጠር ጣቢያ ታዛቢ ሆኜ አድሬያለሁ፣ የትምህርት ቤት ክፍል ነበር፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የ4ኛ ክፍል ክፍልፋይ ተጽፎ ቀርቷል። ድምፅ መስጫው ከተዘጋ በኋላ ቆጠራው እዛው ነው የሚደረገው፣ ሳጥኑ ወደ ሌላ ቦታ አይሄድም፣ ወኪሎች እያዩ አንድ አንድ ወረቀት እየተነሳ ምልክቱ ይነበባል፣ ይጻፋል፣ ይፈረማል። ውጤቱ ከዛ በር ላይ ይለጠፋል። ይለጠፋል ማለት ማንም ሰው ቆሞ ማንበብ፣ ስልክ ያለው ፎቶ ማንሳት ይችላል፣ በኋላ ከላይ የሚነገረው ድምር ከየበሩ ድምር ጋር ካልገጠመ ማሳያው በእጁ አለ። ብዙ ሰው ግን ድምፁን ሰጥቶ ቤቱ ይገባል፣ በሩ ላይ ያለውን የሚያነበው የለም። ፓርቲዎችም በየጣቢያው ወኪል የላቸውም፣ ያላቸውም እራት የሚያበላው ስለሌለ ከቆጠራው በፊት ይሄዳል። እኔ በቆምኩበት ጣቢያ ሌሊቱ ሲጋመስ የቀረነው እኔ፣ አስፈጻሚዎቹና አንድ ሚሊሻ ብቻ ነበርን።

ወረቀቱን ለጥፈን ስንወጣ በጨለማ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ማንበብ አይችሉም። «አንብብልኝ» አሉኝ። በስልኬ መብራት አነበብኩላቸው፣ የየፓርቲውን ቁጥር ሁለት ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዛ የተበላሸውን ወረቀት ቁጥር ጠየቁኝ፣ እሱንም ነገርኳቸው። በጣታቸው እየቆጠሩ ደመሩት። «ስንት ሰው ነው ተሰልፎ የመረጠ?» አሉ፣ መዝገቡ ላይ የነበረውን ነገርኳቸው። ገጠመ። ቁጥሮቹን እንዳይረሱ እየደጋገሙ፣ በዱላቸው እየተመሩ ቁልቁል ወደ ቤታቸው ወረዱ።